ከከባድ መኪና መሪ እስከ ካናዳ ቋሚ ነዋሪነት፦ ከሰሜን ሸዋ ሆኜ ወረቀቱን ያዘጋጀሁበት መንገድ

የከባድ መኪና ሹፌር በካናዳ ኢሚግሬሽን ዘንድ እንደ ባለሙያ መቆጠር ከጀመረ ብዙ ጊዜ አልሆነውም። እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በሹፌርነት ልምድ ብቻ በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ካናዳ የውጭ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ ለቋሚ ነዋሪነት የምትጠራበት ሥርዓት) ማመልከት አይቻልም ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን 2022 አዲሱ የሙያ ምደባ ሥራ ላይ ሲውል የጭነት መኪና ሹፌር በመለያ ቁጥር 73300፣ የአውቶቡስ ሹፌር በ73301 «ቲር 3» ወደሚባለው እርከን ገቡ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እያልኩ እለያለሁ።) ታክሲ ነጂና ዕቃ አድራሽ ሹፌር ግን ቲር 5 ላይ ናቸው፤ ይህ እርከን ለኤክስፕረስ ኢንትሪ አያበቃም። ከኮምቦልቻ ሙሉ ጭነት ይዞ ጣርማ በርን የሚወጣ የተሳቢ ሹፌርና ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በትንሽ መኪና ለሱቆች ለስላሳ የሚያከፋፍል ሹፌር እኛ ዘንድ ሁለቱም ሹፌር ይባላሉ፤ እዚያ ግን በተለያየ መዝገብ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትቼ በቅድሚያ የ73300ን የሥራ ዝርዝር አወጣሁና ከዕለት ሥራዬ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ጋራዥ ውስጥ ለምትሠሩ ወንድሞቼ ደግሞ የአውቶሞቢል፣ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ መካኒክ በ72410፣ የከባድ መሣሪያ መካኒክ በ72401 ይመዘገባሉ። ሁለቱም ቲር 2 ናቸው፤ ከሹፌሩ አንድ እርከን ይበልጣሉ።

ቀጥሎ ነጥቡን በእጄ አሰላሁት። ይህን ስሌት ማንም ደላላ አይነግራችሁም፤ ቢነግራችሁ ገበያው ይቀርበታላ። በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሥር ፌዴራል ስኪልድ ወርከር በሚባለው መንገድ ለመግባት ከ100 ነጥብ 67 ያስፈልጋል። ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ያልተቋረጠ ዓመት፣ ማለትም 1,560 ሰዓት፣ ክፍያ እያገኘ የሠራ መሆን አለበት፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ በአራቱም ክህሎት በካናዳ የቋንቋ መለኪያ ሲኤልቢ 7፣ ማለትም አይኤልትስ ጄኔራል በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ሁሉም ላይ 6.0 ማምጣት ግድ ነው። ዕድሜው ከ35 ያልበለጠ 12 ነጥብ፣ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ ያለው 15 ነጥብ ያገኛል። 12ኛ ክፍል ብቻ ያጠናቀቀ ለትምህርቱ የሚያገኘው 5 ነው። ይህ ሹፌር እንግሊዝኛውን ሲኤልቢ 9 ቢያደርስ፣ ማለትም በማዳመጥ 8.0 በሌሎቹ 7.0 ቢያመጣ፣ 24 ያገኛል። ድምሩ 56! የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ያለው ለትምህርት 19 ስለሚያገኝ በሲኤልቢ 7 ድምሩ 62፣ በሲኤልቢ 8 66፣ በሲኤልቢ 9 70 ይሆናል። በ66 ላይ በአንድ ነጥብ የሚቀር ሰው ባለቤቱ በሁሉም ክህሎት ሲኤልቢ 4 ካመጣች 5 ነጥብ ይጨመርለትና ያልፋል። እኔ እንደማየው ባለትዳር ሹፌር ለራሱ ብቻ አጥንቶ ባለቤቱን ሳያስፈትን የሚቀርበት ምክንያት የለም።

67 ማለፍም ወረፋው ውስጥ ያስገባል እንጂ አያስጠራም። ከዚያ በኋላ ሌላ የደረጃ ነጥብ አለ፤ እዚያ ላይ ወጣት ባለዲግሪዎች ይቀድማሉ። በ2023 ለትራንስፖርት ሙያዎች የተለየ ጥሪ ተጀምሮ የጭነት መኪና ሹፌርም ተካቶበት ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025 ግን ዘርፉ ከዝርዝሩ ወጣ። ማርች 25 ቀን 2025 ደግሞ ለሥራ ቅጥር ውል ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ የደረጃ ነጥብ ተነሣ። «የቅጥር ደብዳቤ ገዝቼ የደረጃ ነጥብ አስጨምርልሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ዋጋ የሌለው ወረቀት ነው።

ከስሌቱ በኋላ ያዘነበልኩት ወደ አትላንቲክ ኢሚግሬሽን ፕሮግራም ነው። በ2017 በሙከራ ተጀምሮ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ቋሚ የሆነ፣ አራቱን የምሥራቅ ካናዳ ክልሎች፣ ኒው ብረንስዊክን፣ ኖቫ ስኮሺያን፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትን፣ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶርን የሚያካትት መንገድ ነው። ለሹፌር መስፈርቱ የሚደረስበት ነው፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ 1,560 ሰዓት የተከፈለበት ሥራ፣ ከካናዳ ሁለተኛ ደረጃ ጋር እኩል መሆኑ የተገመገመ ትምህርት፣ እና ሲኤልቢ 5፣ ማለትም በአይኤልትስ ጄኔራል ንባብ 4.0 ሌሎቹ 5.0። የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት፣ የትምህርት ግምገማው ለአምስት ዓመት ነው። ስለዚህ ግምገማውን አስቀድሙ፣ ፈተናውን አዘግዩ፤ ተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው ቀጣሪ እስኪያገኝ ድረስ ውጤቱ ይቃጠልበታል።

የዚህ መንገድ ከባዱ ዳገት ቀጣሪው ነው። ቀጣሪው በክልሉ መንግሥት ተመዝግቦ የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ ዝርዝሩን ክልሎቹ ራሳቸው ያወጡታል። ለሹፌር የሚሰጠው ውል የሙሉ ጊዜ፣ ወቅታዊ ያልሆነ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚዘልቅ መሆን ይኖርበታል። ከዚያ በነጻ የሚሰጠው የመቋቋሚያ ዕቅድ ይሠራል፣ ቀጣሪው ከክልሉ ድጋፍ ያስጸድቃል፣ በመጨረሻ አመልካቹ የቋሚ ነዋሪነቱን ማመልከቻ ያስገባል። ኤልኤምአይኤ የሚባለው የሠራተኛ ገበያ ግምገማ አያስፈልግም። ሐቁን ለመናገር ግን ብዙ የጭነት ድርጅት የካናዳ መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሰው ከውጭ ለመቅጠር ያመነታል። ደጋግማችሁ ጻፉ፤ በደብዳቤያችሁም ስንት ቶን፣ ስንት አክስል፣ ምን ዓይነት ማርሽ፣ ምን ዓይነት መንገድ እንደምትነዱ በቁጥር አስቀምጡ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስኩ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው። አብዛኛው ሹፌር እጁ ላይ ያለው እንዲህ የሚል ነው፦ «አቶ እገሌ ከ2008 እስከ 2013 ዓ.ም. በድርጅታችን በሹፌርነት በታማኝነትና በትጋት ሠርተዋል። ይህ ማስረጃ በጥያቄያቸው መሠረት ተሰጥቷቸዋል።» ማኅተሙ ድምቅ ብሎ ይታያል፤ ለካናዳ ግን ባዶ ወረቀት ነው። የሳምንቱ ሰዓት የለም፣ ደመወዙና አበሉ የለም፣ ቀንና ወሩ የለም፣ የሠራው ሥራ ዝርዝር የለም፣ የፈረመው ሰው ኃላፊነት፣ ስልክና ኢሜይል የለም። እኔ ያስጻፍኩት በድርጅቱ አርማ ወረቀት ላይ ሲሆን ቀኑን ከነወሩ፣ ሰዓቱን «በሳምንት 48» ብሎ፣ ደመወዝና አበልን ለየብቻ ይገልጻል። የሥራው ዝርዝር ደግሞ ከጉዞ በፊት፣ በጉዞ ላይና ከጉዞ በኋላ ፍሬንን፣ ጎማን፣ መብራትንና የተሳቢ ማያያዣን መፈተሽ፤ ጭነትን ማሰርና ሚዛኑን ማረጋገጥ፤ የጭነት ሰነድ መረከብና ማስረከብ፤ የጉዞና የነዳጅ መዝገብ መያዝ፤ ብልሽትን ለስምሪት ማሳወቅ ይላል። ይህን ሁሉ ሹፌሩ ድሮም ይሠራዋል፤ ደብዳቤው ላይ ካልሰፈረ ግን መርማሪው ሊገምትለት አይችልም። የካናዳውን ዝርዝር እንዳለ መገልበጥም ያስጠረጥራል፤ በራሳችሁ ሥራ ቋንቋ ይጻፍ።

ለግለሰብ ባለንብረት የሚነዳ ሹፌር ውልም የደመወዝ ሰነድም አይኖረውም፤ ክፍያው በምልልስ ነው። እዚህ ላይ ደብዳቤው ብቻውን አይቆምም። የባንክ ዝርዝር፣ የሥራ ግብር ደረሰኝ፣ ባለንብረቱ የታቀፈበት የትራንስፖርት ማኅበር ማረጋገጫ፣ የጭነት ሰነዶች ቅጂ ተሰብስበው ይደግፉታል። ጡረታ የተከፈለለት ሹፌር ትልቅ ማስረጃ አለው፤ በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት መዝገብ ወር በወር ይናገራል። በራሱ መኪና ለራሱ የሠራ ደግሞ ልብ ይበል፦ በፌዴራል ስኪልድ ወርከር በንግድ ፈቃድና በግብር ማስረጃ ልምዱ ይቆጠርለታል፣ በአትላንቲክ ግን የራስ ሥራ ሰዓት አይቆጠርም።

የቀን አቆጣጠር ብዙ ሰው ያስጠይቃል። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2015 ነው እንጂ 11 አይደለም፤ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጁላይ 7 ቀን 2021። አንዱ ተርጓሚ ሁሉንም በ7፣ ሌላው ሁሉንም በ8 ከለወጠው በሁለት ሰነዶች መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ መርማሪው ዘንድ ይህ ስሕተት ሳይሆን ሐሰት ሊመስል ይችላል። ሐሰተኛ መረጃ አቅርቧል የተባለ ሰው ለአምስት ዓመት ይታገዳል። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስጻፍኩ፣ ሁሉንም ሰነድ ለአንድ ተርጓሚ ሰጠሁ፣ ስሙም በሁሉም ላይ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርቱ እንዲሆን አደረግሁ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ የሚል ስም ያላችሁ አንድ ቦታ ተያይዞ ሌላ ቦታ ተለያይቶ እንዳይጻፍባችሁ።

በሽማግሌ ወይም በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ዘንድ ይመዝገብ፤ የልጆችም ልደት እንዲሁ። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ ማመልከቻው ላይ ይጻፍ፣ የጤና ምርመራውንም ያድርግ፤ አብሮ ባይሄድም እንኳ። ሳይገለጽ የቀረን ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ በኋላ በቤተሰብነት ማስመጣት በሕጉ የተከለከለ ነው። ይህን የምለው ልቤ እያዘነ ነው፤ ሰው «ነገሩን ያወሳስብብኛል» ብሎ በሚደብቀው ልጅ ላይ በሩን የሚዘጋው ራሱ ነው። ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከተቀመጡበት አገር ሁሉ ይጠየቃል፤ ዐረብ አገር ሠርታችሁ የምትመለሱ ሳትወጡ ያዙ።

ለቀጣሪ ተብሎ ገንዘብ አይከፈልም። ኤልኤምአይኤ ቢያስፈልግ እንኳ 1,000 የካናዳ ዶላሩን የሚከፍለው ቀጣሪው ነው፤ ከሠራተኛው ማስመለስም ክልክል ነው። አማካሪ ነኝ ባይ የካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የሕዝብ መዝገብ ላይ ስሙ ከሌለ፣ ጠበቃም ካልሆነ፣ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ሌሎቹን አገሮች ባጭሩ። ጀርመን ለሹፌር የተለየ ድንጋጌ አላት፦ ቀጣሪ ያገኘ ሰው የአውሮፓ መንጃ ፈቃድና የሙያ ብቃቱን እስኪይዝ እስከ 15 ወር የሚደርስ ጊዜ ይሰጠዋል። የተፋጠነው ሥልጠና 140 ሰዓት ነው፤ የእኛ መንጃ ፈቃድ እዚያ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ብቻ ነው። ለቋሚ መኖሪያ በመደበኛው መንገድ አምስት ዓመት፣ 60 ወር የጡረታ መዋጮና ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ጀርመንኛ ይጠየቃል። አሜሪካ ኦገስት 21 ቀን 2025 ለጭነት መኪና ሹፌሮች የሥራ ቪዛ መስጠቷን ማቆሟን አስታውቃለች። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በሹፌርነት ሥራ ቋሚ ነዋሪነት አይሰጡም፤ እዚያ የሠራችሁት ግን በደብዳቤ ከተያዘ ለካናዳ ይቆጠራል።

ካናዳ ከገቡ በኋላ ክላስ 1፣ በኦንታሪዮ ክላስ ኤ፣ የሚባለው የተሳቢ መንጃ ፈቃድ እንደ አዲስ ይወጣል። በኤፕሪል 2018 ሳስካችዋን ውስጥ የሆኪ ቡድን አውቶቡስና የጭነት መኪና ተጋጭተው 16 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የግዴታ ሥልጠና ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፋ። በኦንታሪዮ ከ2017 ጀምሮ 103.5 ሰዓት፣ በ2019 በጀመሩት ሳስካችዋንና ማኒቶባ 121.5 ሰዓት ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን መውረድ የሚያውቅ ሹፌር ፍሬን ለምን እንደሚግል ማስተማር አያስፈልገውም። የሚጥለው የቃል ፍተሻው ነው፤ የአየር ፍሬኑን እያሳየ በእንግሊዝኛ መናገር አለበት፦ የአየር ግፊቱ ሲወርድ ከ55 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በታች ሳይደርስ ማስጠንቀቂያው መሥራት እንዳለበት፣ የፍሬን መግፊያው ዘንግ ስንት እንደሚወጣ፣ ዓይነት 30 በሚባለው መደበኛ የፍሬን አየር ቋት ላይ ከ2 ኢንች ማለፍ እንደሌለበት። የሥራ ሰዓቱንም ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል፦ በቀን 13 ሰዓት መንዳት፣ 14 ሰዓት ሥራ ላይ መሆን፣ 10 ሰዓት እረፍት፤ መኪናው ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግበዋል። ፈተናውን ከተቻለ በእጅ ማርሽ ተፈተኑ፤ ኦንታሪዮን በመሰሉ ክልሎች በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው በአውቶማቲክ ብቻ ይወሰናል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው መንጃ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። እያንዳንዱ ምድብ መጀመሪያ የወጣበት ቀን፣ ከአውቶሞቢሉ ጀምሮ እስከ ደረቅ ጭነት ወይም ፈሳሽ ድረስ፣ ተዘርዝሮ ይጻፍ። በድሮው አጠራር «5ኛ ደረጃ» የሚል መንጃ ፈቃድ ከነበራችሁ በአዲሱ ምድብ ምን ማለት እንደሆነ አብሮ ይብራራ። ራሳችሁ ቀርባችሁ መጠየቅ ስትችሉ አውጡት፤ ከሄዳችሁ በኋላ በውክልና ማስወጣት ወራት ይፈጃል፣ ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስም እንደ ጀማሪ ትቆጠራላችሁ።