ቱላ ላይ ያየሁት አጭር ጠመንጃ

ጠዋት ከሞስኮ ኩርስኪ ጣቢያ ባቡር ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ቱላ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ የምትታወቀው በሳሞቫር፣ በማር ዳቦና በጠመንጃ ነው። የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ በ1712 (እ.ኤ.አ.) የመሣሪያ ፋብሪካ ያቋቋመው እዚሁ ነው። የጦር መሣሪያ ሙዚየሙም ከሩቅ ይታያል፤ ሕንፃው የጥንት ወታደር የራስ ቁር ይመስላል።

ክላሽን ማን የማያውቅ አለ? እኔ የሄድኩት በክላሽ የተሸነፉትን ጠመንጃዎች ለማየት ነው።

ገርማን ኮሮቦቭ የቱላ የጠመንጃ ንድፍ ባለሙያ ነበር። ክላሽ በመጨረሻ ባሸነፈበት ውድድር፣ በ1946 ቲኬቢ-408 የሚባል ጠመንጃ አቅርቦ ነበር። ካዝናው ከቃታው ኋላ፣ ሰደፉ ላይ ነው የሚገባው። ይህ አሠራር ቡልፓፕ ይባላል፤ በርሜሉ ሳያጥር ጠመንጃው ያጥራል። ከጠባብ ብረት ለበስ መኪና ለሚወርድ ወታደር ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፈተናውን አላለፈም።

ኮሮቦቭ ግን ሐሳቡን አልጣለም። በ1960ዎቹ የሠራው ቲኬቢ-022 መስታወቱ ውስጥ ተቀምጧል። ፊቱ ብዙ ቆምኩ። ቡናማ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ካዝናው ከሰደፉ ጫፍ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ርዝመቱ 525 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን በርሜሉ 415 ነው፤ ልክ እንደ ክላሽ በርሜል። ክላሹ ራሱ ግን 870 ይደርሳል!

እኔ ግራኝ ነኝ። መቀስም ሆነ ሌላ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የማስበው ለግራ እጅ ይመች እንደሆነ ነው። የቡልፓፕ ትልቁ ጣጣም እዚህ ላይ ነው። ቀለሁ በቀኝ በኩል፣ ጉንጭ አጠገብ ስለሚወጣ፣ በግራ የሚተኩስ ሰው ፊቱን ይመታዋል። ኮሮቦቭ ቀለሁ ከበርሜሉ በላይ ባለ ቱቦ ወደ ፊት ተገፍቶ እንዲወጣ አደረገ። መቀርቀሪያውም ወደ ኋላ አይሮጥም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚሄደው። ያን ሁሉ ርዝመት የቆጠበው በዚህ ነው።

ሠራዊቱ አልተቀበለውም። ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ፕላስቲኩም ጭቃና ብርድ መቻሉ አጠራጠረ። ፍርዱ ይገባኛል፤ ሚሊዮኖች የሚይዙት መሣሪያ ገና በሙከራ ላይ እያለ አይመረጥም። ኦስትሪያ ኤዩጂ (AUG) የተባለውን ቡልፓፕ ጠመንጃ ለሠራዊቷ ያስታጠቀችው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ኮሮቦቭ ስንት ዓመት ቀድሟት ነበር!

ከመውጣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ያቺን የቀለህ መውጫ ፈለግኳት። ከአፈሙዙ በላይ ናት፤ ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ።