የተሰረዙት ሁለት መስመሮች

ጎንደር ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ሆኜ ስድስተኛ ዓመቴን በያዝኩበት ጊዜ የደረሰ ነገር ነው። መምህር የራሱን አመለካከት ለተማሪዎቹ ይንገር ወይስ ገለልተኛ ይሁን የሚለው ክርክር በመምህራን ማረፊያ ክፍል በተነሣ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይኸው ገጠመኝ ነው።

ትምህርቱ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ይህን ርዕስ ጎንደር ላይ ማስተማር ሌላ ቦታ እንደ ማስተማር አይደለም። የቋራው ካሣ የአገራችን ልጅ ናቸው፤ ሐውልታቸው ፒያሳ ላይ ቆሟል፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ያቃጠሉና አድባራቷን የዘረፉም እኚሁ ንጉሥ ናቸው፤ በካህናት ቤት ይህ እስከ ዛሬ ይወሳል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ስማቸው ሲጠራ ፊቱ የሚበራም ፊቱ የሚጠቁርም ተማሪ ይኖራል።

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አሰኘኝና የማምንበትን ነገርኳቸው። በመሳፍንት ተከፋፍላ የነበረችን አገር አንድ ለማድረግ ተነሥተው፣ በመጨረሻ ግዛቱ ከእጃቸው እየወጣ፣ ሠራዊቱም እየከዳቸው ለሄደ ንጉሥ፣ ጎንደርን ማቃጠል የተስፋ መቁረጥ ሥራ እንጂ የክፋት ሥራ አልነበረም አልኩ። በስሜት እናገር ስለነበር ዓመቱን ስጠቅስ ሃምሳ ዘጠኝ ማለት ሲገባኝ አርባ ዘጠኝ ብዬ አለፍኩ፤ ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

በሳምንቱ ስለዚሁ ጉዳይ ከአሥር የሚታረም ጽሑፍ በክፍል ውስጥ አሠራኋቸው። መማሪያው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቋንቋው ሐሳባቸውን እንዳያስርባቸው በማለት በአማርኛ እንዲጽፉ ፈቅጄ ነበር። ከ58 ወረቀት በ41ዱ ላይ ያገኘሁት የራሴን ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የተስፋ መቁረጥ ሥራ እንጂ የክፋት ሥራ አልነበረም» የሚለው ቃል በቃል ተቀምጧል። ከጎኑም 1849 ዓ.ም. የሚለው ስሕተቴ አለ። በዚያ ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ሁለት ዓመታቸው እንደነበር ማንም አላሰበም፤ ዘውድ የጫኑት በ1847 ዓ.ም. መሆኑን ግን እነዚሁ ልጆች እዚያው ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ከፍ ብለው በትክክል ጽፈውታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ የአንዲት ተማሪ ወረቀት ነበር። ይህች ልጅ ከዚያ በፊት በነበረው ክፍለ ጊዜ፣ ከቅድመ አያቶቿ አንዱ ከቃጠሎው ያተረፉትን ዳዊት በነጠላ ጠቅልለው ወደ ገጠር እንደሸሹ የተናገረች ናት። መልሷ እንደ ሌሎቹ የእኔው መልስ ነበር፤ ከሱ በላይ ግን በደንብ ያልተሰረዙ ሁለት መስመሮች ነበሩ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው፣ «አያቴ እንደነገረችኝ በዚያ ሰሞን ደወል የሚደውል እንኳ አልቀረም» የሚል ተነበበኝ። በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ፣ «ይህን ለምን ሰረዝሽው?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ፣ «የሚያርሙት እርስዎ አይደሉ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ሐሳብ ያካፈልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለእነርሱ ግን ከአሥር አሥር የሚያስገኘውን መልስ አስቀድሜ ነግሬአቸዋለሁ። ቀዩን እስክርቢቶ የያዘ ሰው የሚናገረው ነገር በእኩዮች መካከል እንደሚሰነዘር አስተያየት አይደመጥም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖና ከፖለቲካ ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ እኔም ይህን አፍህን ዝጋ እንደሚል ትእዛዝ ወሰድኩት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ ተማሪ፣ የጎንደር መቃጠል ጠላት የፈጠረው ወሬ ነው ብሎ ሲናገር፣ «ሐሳብህን አከብራለሁ» ብዬ አለፍኩት። በዚያ ቀን ለክፍል ምልከታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አንጋፋ መምህር ሲወጡ ክንዴን ያዙኝና፣ «ዳኛ ገለልተኛ ነው፣ ልጄ፤ መዝገቡን ግን ያነባል። አንተ መዝገቡንም ዘጋኸው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ለየትኛው ፓርቲ እንደማደላና እንዴት እንደምጸልይ ለተማሪ አልናገርም፤ እስከ ዛሬም አልተናገርኩም። የተረጋገጠ ነገር ሲካድ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት መዝገቡን ከፈትኩ፤ ስለ ዘመኑ ከተጻፉት የአማርኛ ዜና መዋዕሎች ሁለቱን ጎን ለጎን አቀረብኩላቸው። ደብተራ ዘነብ ንጉሡን ያደንቃሉ፤ ጽሑፋቸው ግን ጎንደር እስከተቃጠለችበት ጊዜ አይደርስም። አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ የንጉሡን ጥፋት ይነቅፋሉ። ለመቅደላ መድኃኔዓለም ተብለው ከጎንደር አድባራት የተወሰዱት መጻሕፍት፣ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በእንግሊዝ ጦር እጅ መግባታቸውንና ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን እንደሚገኙ ነገርኳቸው። የተናገርኩት ዓመት ስሕተት እንደነበረም በሰሌዳው ላይ ጽፌ አረምኩ። የራሴን ፍርድ ግን አልጨመርኩም። እንደገና ጻፉ፣ ስማችሁንም ከጀርባው አድርጉት አልኳቸው።

ልጅቷ ሦስት ገጽ ጻፈች፤ መደምደሚያዋም የእኔን ሐሳብ የሚቃወም ነበር። ወረቀቱን ስመልስላት ዳዊቱ ዛሬም አያቷ ዘንድ እንዳለ ነገረችኝና ቅዳሜ ዕለት አሥራ አንድ ተማሪዎች ይዤ ሄድኩ። እማማ ከሣጥናቸው አውጥተው አሳዩን፤ የብራናው ጠርዝ በአንድ በኩል ጠቁሯል። ታሪኩን ከጨረሱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተስ ምን ትላለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ልጆቹ አስቀድመው ጽፈው ማርካቸውንም ተቀብለው ስለነበር፣ የማምንበትን ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ያንተ ዘመዶች አልሸሹም መሰለኝ» አሉኝ፤ ልጅቷም ሁለታችንም ያልነውን ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አየኋት።