ሦስት ዓመት ከሚዛን ጋር ተቧቅሼ

ጊዜው ሐምሌ ነው። የሜሪላንድ ሙቀት ብቻውን ይበቃል። እኔ ግን የመኪናዬን መስኮት ዘግቼ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ በላስቲክ ልብስ ተጠቅልዬ ተቀምጫለሁ። ማስቲካ እያኘክሁ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ እተፋለሁ። ምራቅም ይመዝናላ! ለቦክስ ግጥሚያ ሚዛን ላይ ልወጣ ሁለት ሰዓት ቀርቶኛል። ከክብደት ገደቤ፣ ከ112 ፓውንድ፣ አንድ ፓውንድ ተኩል አልፌያለሁ። በኛ ኪሎ 50.8 መግባት አለብኝ። ላቤ ግን አልወጣ አለ።

እንደምንም ገባሁ። በሁለተኛው ሙከራ፣ ፎጣ ጋርደውልኝ፣ ራቁቴን። በማግስቱ ሦስተኛው ዙር ላይ ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመው። ተጋጣሚዬ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ የማሸንፈው ልጅ ነበር። ቡጢው ሲመጣ እያየሁት እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ስለ ቦክስ ሳወራ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ቡጢ ነው። «ማን ነው አጥብቆ የመታህ?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ሚዛኑ ነው።

ያደግሁት ልደታ ነው። አጭርና ቀጭን ነበርኩ። ሰፈር ውስጥ ለኳስ ቡድን ሲከፋፈሉ መጨረሻ የምቀረው እኔ ነኝ። ቦክስ የሳበኝም ለዚህ ነው፤ እዚያ በኪሎህ ልክ የሆነ ሰው ይፈልጉልሃል። የምንሠለጥንበት ቤት ሚዛን አልነበረውም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? ከውድድር በፊት እነሱ ጋ ሄደን በሳንቲም እንመዘን ነበር። ሁለት ልጆች ጋ ብትሄድ ሁለት የተለያየ ኪሎ ነው የምታገኘው። አሠልጣኛችን ጋሼ የሚያምነው የከበደውን ነበር። ብልህ ሰው ነው። ያኔ ምንም ሳልቸገር 49 ኪሎ ነበርኩ።

በአማተር ውድድር የምትመዘነው በምትጋጠምበት ቀን ጠዋት ነው። ጠዋት ራስህን አድርቀህ ከሰዓት መቧቀስ ስለማትችል ብዙ አታጭበረብርም። በፕሮፌሽናል ቦክስ ግን ሚዛኑ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ጉዱን ያመጣችው ያቺ አንድ ቀን ናት። «ዛሬ ልድረቅ፣ ማታ ጠጥቼ እመልሰዋለሁ» ትላለህ። ውሃው ወደ ሆድህ ይመለሳል፤ ጉልበትህ ግን በአንድ ሌሊት አይመለስም። ጭንቅላትም ውሃ ሲያጣ ለቡጢ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ሐኪሞች ይናገራሉ። ያን ጊዜ ግን ማን ሊሰማ!

ዲቪ ደርሶኝ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስመጣ 23 ዓመቴ ነበር። ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን ጂም እገባለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮፌሽናል ሆንኩ። ለእናቴ ደወልኩላት።

«ምን ተብለህ ነው የምትወዳደረው?»

«ፍላይዌይት።»

«እሱ ምን ማለት ነው?»

«የዝንብ ክብደት።»

ዝም አለች። ከዚያ «ዝንብ ልትሆን ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዝንብ በላይ ባንተም አለ፣ 53.5 ኪሎ። ባንተም ትንሽዬ የዶሮ ዘር ናት። ከፍ ሲል ደግሞ ላባ ይመጣል፣ 57.2። እነዚህን ስሞች ያወጣው ሰው ለትንንሽ ሰዎች ብዙም አክብሮት የነበረው አይመስለኝም።

ገንዘቡም እንደ ስሙ ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያዬ አራት ዙር ነበር፤ 1,000 ዶላር ተከፈለኝ። አሥር በመቶው የአሠልጣኙ ነው። የደም ምርመራ፣ የዓይን ምርመራ፣ የፈቃድ ክፍያ ከራሴ ኪስ ወጣ። ቲኬት መሸጥም የኔ ሥራ መሆኑን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የሀበሻ ምግብ ቤቶችን አንድ በአንድ ዞርኩ። ወገኔ ለሠርግ 200 ዶላር ሳያቅማማ ያወጣል፤ እኔ ስደበደብ ለማየት ግን 50 ዶላር በዛበት። አልፈርድም።

ሪንጉ ውስጥ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ጓንቱ ነው። አማተር እያለሁ ባለ 10 አውንስ ነበር የማደርገው። በፕሮፌሽናል፣ በኛ ኪሎ፣ 8 አውንስ ነው፤ 227 ግራም ገደማ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ምንም አይመስልም። የመጀመሪያው ጃብ፣ ያ በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ፈጣን ቡጢ፣ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ ግን ገባኝ። አማተር እያለሁ ጓንቴን ከፍ አድርጌ ከኋላው እደበቅ ነበር። አሁን ቡጢው በመሃል ሾልኮ ይገባል። ክንዴን ትቼ በእግሬ መከላከል መማር ነበረብኝ። ለዚህ ነው እግር ሲደርቅ ሁሉም ነገር የሚያልቀው።

ሌላው ችግር ሰው ማጣት ነው። ትንንሾቹ ጎበዞች ያሉት ጃፓን፣ ታይላንድ፣ ፊሊፒንስ፣ ሜክሲኮ፣ ኒካራጓ ነው። ዲሲ አካባቢ የኔን ኪሎ የሚያክል ልምምድ ተጋጣሚ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ከ60 ኪሎ ልጆች ጋር እለማመድ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ ነገር አለ። በልምምድ ከ60 ኪሎ ሰው ጋር እኩል እየተቧቀስኩ፣ ለውድድር 50.8 ለመግባት እሞት ነበር። ከልምምድ ውጪ ኪሎዬ 57 ነው። ስድስት ኪሎ! ክብደቱ 100 ለሆነ ሰው ስድስት ኪሎ ቦርጭ ነው። ለኔ ግን ከአሥር በመቶ በላይ ነው፤ ቦርጭ ደግሞ አልነበረኝም።

ታዲያ ለምን ወደ ላይኛው ክብደት አልወጣሁም? በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ «በ112 ግዙፍ ነህ» ይሉኝ ስለነበር ነው። ደስ ይላላ። ዕድሜዬን ሙሉ አጭር ተብዬ፣ አንድ ቦታ ላይ ግዙፍ ተባልኩ። ሁዳዴን እንደ ሰበብ ተጠቀምኩበት። 55 ቀን ጾሜ ቀጠንኩ፤ እናቴም በጽናቴ ኮራች። ሥጋም እንቁላልም የለም፣ ማታ ሽሮ በእንጀራ ነው። ሽሮው ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ጨው ቀነስኩ፣ ውሃም ቀነስኩ። የጠፋው ጡንቻዬ ነበር።

ከዚያ የሐምሌ ሽንፈት በኋላ ሦስት ሳምንት ጂም አልሄድኩም። ማታ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ የድሮ ግጥሚያዎችን አያለሁ። ፊሊፒናዊው ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያው የዓለም የፍላይዌይት ሻምፒዮን እንደነበረ አውቃለሁ። እንዴት እንዳጣው ግን አላውቅም ነበር። 1999 ታይላንድ ውስጥ ክብደቱን መግባት አቅቶት የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ገና ሚዛኑ ላይ አጣው። ከዚያ በሦስተኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ሦስተኛው ዙር! እንደኔው። ከዚያ በኋላ ሁለት ክብደት ዘሎ ወደ 55.3 ወጣ። 2001 ላስ ቬጋስ ላይ፣ በአጭር ጊዜ ጥሪ ገብቶ፣ ደቡብ አፍሪካዊውን ሌህሎ ሌድዋባን አሸንፎ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ጃፓናዊው ናኦያ ኢኖዌም እንደዚሁ ነው። 2014 ላይ በ49 ኪሎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍላይዌይትን ዘሎ በ52.2 ኦማር ናርቫኤዝን በሁለት ዙር ጨረሰው። ሲወጣ ቡጢው የሚቀል መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ከበደ።

እኔ ፓኪያው አይደለሁም። ግን በ53.5 ተመዘገብኩ። የሚዛኑ ዕለት ጠዋት እንቁላል በላሁ። ከሚዛኑ ስወርድ ማንም ደግፎኝ አልነበረም። በማግስቱ ስድስት ዙር ተቧቀስኩ፤ ስድስተኛው ላይ ወደ ፊት እየገፋ የሚሄደው ተጋጣሚዬ ሳይሆን እኔ ነበርኩ። በነጥብ አሸነፍኩ። በጠቅላላው 11 ጊዜ ተጋጥሜ 7 አሸንፌ፣ 3 ተሸንፌ፣ አንዱ አቻ ሆኖ፣ በ30 ዓመቴ አቆምኩ። ቀበቶ የለኝም። ፓርኪንጉን ግን አሁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጂም እሄዳለሁ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ አለ፣ እጁ ፈጣን ነው። ባለፈው ወር መጣና «ጋሼ፣ 49 ብወርድ እኮ ሁሉንም እጥላቸዋለሁ» አለኝ። (ጋሼ መባልም አንድ ቡጢ ነው።)

«አሁን ስንት ነህ?»

«56።»

«ሰባቱን ኪሎ ከየት እንደምታወጣው አሳየኝ።»

ቲሸርቱን ገለጠ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ወደ ታች አይቶ ራሱ ሳቀ። በ53.5 ተመዝግቧል።