የአያቴን ቢላ ከዝገት አወጣሁት፣ ስለቱን ግን ሊያሳጡኝ ነበር

የድሮ ቢላ ለማደስ ያሰባችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይቺን ያዙልኝ፦ በኤሌክትሪክ ለሚሽከረከር ድንጋይ አትስጡት። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ንዴት በቀረልኝ።

ቢላው የአያቴ ነው። ጉራጌ አገር ለመስቀል ክትፎ የሚከተፍበት፣ ሰፋ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ እጀታው የበሬ ቀንድ። ብረቱ ከመኪና ባሌስትራ ነው የተቀጠቀጠው። ባሌስትራ ጥሩ ቢላ ይወጣዋል፣ ስለት ይይዛል፣ ግን እንደ ዘመኑ የሱቅ ቢላ ዝገት አይችልም። አያቴ ካረፉ በኋላ ከነቆዳ ሰገባው ዕቃ ቤት ተቀምጦ ቆየ። ቆዳ እርጥበት ይስባል። ስናወጣው ቀይ ዝገት ለብሷል፣ ስለቱም አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል።

ዝገቱን ማንሳት ቀላሉ ሥራ ነው። ላላ ያለውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦና በነጭ ጋዝ ፈገፈግኩት። ለቀረው አቼቶ የነካ ጨርቅ ጠቅልዬበት ትንሽ ቆይቼ ጠረግኩ። ሰው ሁሉ "አቼቶ ውስጥ ይደር" ይላል፣ እኔ ግን አልስማማም። አቼቶ የሚበላው ዝገቱን ብቻ አይደለም፣ ደህናውንም ብረት ነው። ቀንድ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ አጠብኩት፣ ወዲያው አደረቅኩት፣ ከ220 እስከ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሄድኩበት። ጥቁሩን ተዉት። ቀዩ ዝገት ብረት ይበላል፣ ጥቁሩ ግን ተጣብቆ ይሸፍነዋል። ካላብለጨለጨ ብላችሁ ብትፍቁት ትርፉ ቢላውን ማሳሳት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሽራፊውን ለማስተካከል ሰፈራችን ቢላ የሚስሉ ሰውዬ ጋ ወሰድኩት። "ጋሼ፣ የድሮ ብረት ነው፣ እባክዎ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ቀስ ብለው ይሥሩልኝ" አልኳቸው። "አይዞህ ልጄ፣ ስንቱን ስያለሁ" አሉኝ። ባልዲው አጠገባቸው ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አልነከሩትም። ብልጭታው ይረጫል፣ እሳቸው ይጫኑታል፣ እኔ "ውሃ! ጋሼ ውሃ!" እላለሁ፣ የማሽኑ ጩኸት ድምፄን ይውጠዋል። ሲያነሱት ጠርዙ ከጫፉ እስከ መሃል ሰማያዊ ሆኗል።

ብረት ሲግል ቀለም ያወጣል። 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ። ቀጥቃጩ አግሎ፣ ነክሮ የሰጠው ጥንካሬ በዚያ ሙቀት ይላላል። ቀጭን ጠርዝ እዚያ ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል።

ይህን ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ሰማያዊ ከሆነማ ጠነከረ ማለት ነው።" አልዋጥ ሲለኝ ብርጭቆ ወረቀት አንስተው አሸት አሸት አደረጉትና "ይኸው፣ ጠፋልህ!" አሉ። የጠፋው እኮ ቀለሙ ነው። ሰማያዊው ላዩ ላይ ያለ ስስ ሽፋን ነው፣ ቢነሳም የላላው ብረት እንደላላ ይቀራል። እንዲህ ቀለሙ ተፍቆለት ደህና መስሎ ወደ ቤት የተመለሰ ቢላ ስንት ይሆን? ባለቤቱ ስለት አልይዝ ሲለው "አርጅቷል" ብሎ ይጥለዋል። ሒሳባቸውንም ተቀበሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤት ገብቼ በሞረድ ሞከርኩት። ጠንካራ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፣ ለስላሳው ላይ ይነክሳል። እጀታው አጠገብ ማሽኑ ያልነካው ስለት ላይ ተንሸራተተ፣ የተቃጠለው ጋ ግን ነከሰ። ሽንኩርት ስከትፍበትም ጠርዙ ታጠፈ።

አንድ ወዳጄ "ቀጥቃጭ ጋ ወስደህ እንደገና አስነክረው" አለኝ። ለዚያ ቀንዱ መውለቅ አለበት፣ ያረጀ ቀንድ ደግሞ ሲወልቅ ሊሰበር ይችላል። ቀጭን ብረትም ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሊጣመም ይችላል። እምቢ አልኩ። የላላውን ጠርዝ በእጄ ፍቄ ማስወገድን መረጥኩ። መሳያ ድንጋይ፣ ሻካራው ጎን፣ ብዙ ውሃ፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ትከሻዬ እስኪዝል። ሞረዱ እንደገና መንሸራተት ሲጀምር ደህናው ብረት ጋ መድረሴን አወቅኩ። ሽራፊውም በዚያው ጠፋ፣ ያ ማሽን ለምንም አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በለስላሳው ጎን፣ ከሁለቱም ወገን ወደ 20 ዲግሪ አዘንብዬ ሳልኩት፣ ቆዳ ቀበቶ ላይ አሽቼ ጨረስኩ።

ቢላው ትንሽ ጠቧል፣ ይህ ይቆጨኛል። የዘንድሮ መስቀል ክትፎ ግን በእሱ ነው የተከተፈው፣ ኮርቻለሁ።

ስታስቀምጡት ሰገባው ውስጥ አትመልሱት። የምግብ ዘይትም አትቀቡት፣ ውሎ አድሮ ይጣበቃል፣ ይሸታል። ሽቶ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ቀንዱንም በዚያው አሹት፣ ሥጋ ከመንካቱ በፊት ደግሞ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት።