አራት ትንንሽ ቁስሎች

የሐሞት ከረጢቴ ከወጣ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ይህንን የምጽፈው ኮዬ ፈጬ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሲሆን፣ «ተብራርቶልኝ ተረድቼአለሁ» ብዬ የፈረምሁበትን ነገር በእርግጥ የተረዳሁት ከቀዶ ጥገናው በኋላ መሆኑ ስለከነከነኝ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ከፋሲካ ማግሥት ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን ከቅቤና ከሥጋ ርቆ የከረመ ሆዴ ዶሮ ወጥ ሲገባበት፣ ሌሊት ከቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባዬ የሚዞር፣ መተኛትም መቀመጥም የሚነሣ ሕመም ያዘኝ። ጨጓራ ነው ብዬ ለሳምንታት ተልባ ስጠጣ ሰነበትሁ፤ በኋላ አልትራሳውንድ ጠጠሮቹን አሳየ። ቅባት ስንበላ ከረጢቱ ሐሞትን ወደ አንጀት ለመግፋት ይኮማተራል፤ ጠጠር መውጫውን ከዘጋው ሕመሙ ይነሣል። ጠጠሩን ብቻ ማውጣት አይቻልም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ዶክተሩ ከረጢቱ እስካለ ድረስ ጠጠሩ ተመልሶ ሊሠራ እንደሚችል፣ ሐሞትን የሚያመነጨው ግን ጉበት ስለሆነ ያለ ከረጢቱ መኖር እንደሚቻል አስረዳኝ።

ከዚያ «በላፓራስኮፒ ይሠራልሻል» ሲለኝ እኔ የሰማሁት «አትቀደጂም» የሚለውን ነው። ሰፈራችን ውስጥም «በሌዘር ነው» የሚል አልጠፋም። ነገሩ ግን ሌዘር አይደለም። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ፣ እምብርቴ አጠገብ በተከፈተው ቀዳዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ ሆዴን እንደ ድንኳን ወጠረው፤ በዚያው ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ ሦስት ደግሞ ረጃጅምና ቀጫጭን መሣሪያዎች ገቡ። ሐኪሙ ስክሪን እያየ የከረጢቱን ቱቦና የደም ሥሩን በክሊፕ ዘግቶ ቆረጠ፣ ከረጢቱን ከጉበቱ ላይ ላጠው፣ በእምብርቴ በኩልም አወጣው። ውስጥ የተቆረጠው፣ ሆድ በሰፊው ተከፍቶ በሚሠራው ቀዶ ጥገና ከሚቆረጠው በምንም አያንስም፤ ያነሰው በሩ ነው። ለዚህም ነው የፈረምሁት ወረቀት፣ ደም ቢፈስስ ወይም አካባቢው በግልጽ ባይታይ ወደ ክፍት ቀዶ ጥገና ሊቀየር እንደሚችል የሚናገረው። ያንን መስመር ሳነብ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል።

ጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሙኸ እ.ኤ.አ. በ1985 የሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ ሲያወጣ የአገሩ ሐኪሞች በቀዳዳው ማነስ ተጠራጥረው አልተቀበሉትም ነበር። እኛ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ማነስ የተነሣ ቀዶ ጥገና መሆኑን እንረሳለን።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ሆዴ ታግሦኝ ሳለ ቀኝ ትከሻዬ በብርቱ ያመኝ ጀመር፤ እንዲያውም ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያዘዋውሩኝ ጥለውኛል ብዬ በሆዴ ሰው አማሁ። ተረኛዋ ሲስተር ግን አልተገረመችም። የቀረው ጋዝ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ያስቆጣዋል፤ የዚያ ጡንቻ ነርቭና የትከሻ ነርቮች አንገት ላይ ከአንድ ሥፍራ ስለሚነሡ አእምሮ ሕመሙን ከትከሻ የመጣ ያስመስለዋል። ጋዙ ወደ ደም ገብቶ በትንፋሽ እንደሚወጣ ነግራኝ «ተነሺና ተራመጂ» አለችኝ። ኮሪደሩን ግድግዳ ይዤ ተመላለስሁ፤ በሦስተኛው ቀን ትከሻዬ ተወኝ። ይህንን አንድ ነገር አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ያንን ሌሊት በፍርሃት አላሳልፈውም ነበር፤ ምናልባት ተነግሮኝም «አትቀደጂም» ብዬ ለራሴ የተረጎምሁት ነገር ጆሮዬን ደፍኖት ይሆናል።

በቀዶ ጥገናው ማግሥት ከሆስፒታል ወጣሁ። ታክሲው ጉብታ በዘለለ ቁጥር ሆዴን በትራስ ደግፌ ቤቴ ደረስሁ፤ ለጥቂት ሳምንታትም ከባድ ዕቃ እንዳላነሣ ተነግሮኛል።

ዛሬ ጠዋት ውኃ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። ጎረቤቴ እማማ ደጃፌ ላይ ባዶ ጀሪካኖቼን አይተው «ልጄ፣ አልቀደዱሽም እኮ፤ ምነው አልወረድሽም?» አሉኝ። ነጠላዬን ገልጬ አራቱን ፕላስተሮች አሳየኋቸውና፣ በእነዚህ በኩል ገብተው ከጉበቴ ሥር ምን እንደቆረጡ በጣቴ እያመለከትሁ ነገርኋቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ደረጃው ዞረው የልጅ ልጃቸውን ጠሩት፤ ጀሪካኖቼን ይዞ ወረደ።