ሐረጎ ላይ የፈላችው መኪና

መኪናዋ ደሴ ወዳለው ጋራዣችን የደረሰችው በገመድ ተጎትታ ነው። ባለቤቷ ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ናቸው፤ የሐረጎን ዳገት ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ የፊት መስታወቱን ሸፈነባቸው። «የሙቀት ጠቋሚው እኮ መሃል ላይ ነበር፤ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ ነፋስ ነው የሚያወጣው» አሉኝ። ይህች የመጨረሻዋ ቃላቸው ብዙ ፍለጋ አዳነችኝ። ሞተሩ እየጋለ ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ውሃው በደንብ አይዞርም ማለት ነው፤ መንገዱን የሚዘጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ አየር ነው። የሙቀት መለኪያውም ውሃ ሸሽቶት አየር ውስጥ ከቀረ የሚናገረው አይታመንም።

ሞተሩ እጅ እስኪያስነካ ጠበቅን። የጋለ ራዲያተር ከፍተው ፊታቸው የተላጠ ሰዎችን ስለማውቅ፣ በዚህ ጉዳይ ማንም ቢቸኩልብኝ አልሰማም።

ከቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ ከሚከፍትለት በር) በላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ጭንቅላት አልነበረውም። ከዚህ በፊት የነካው ሰው አጥብቆ ሰብሮታል፤ ሰብሮም ቀዳዳውን በሙጫ ደፍኖታል። ሙጫው በሙቀት ብዛት ተሰነጣጥቆ፣ በስንጥቁ ዙሪያ የኩላንት (ከሞተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ዝቃጭ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል። ብሎኑ ፕላስቲክ ነው፤ ውሃውን የሚይዘው የእጅ ጉልበት ሳይሆን አንገቱ ላይ ያለችው ቀጭን ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበቷ ናት። በጣት ከገባ በኋላ በካቻቢቴ ትንሽ ገታ ማድረግ ይበቃዋል። ሙጫው ደግሞ ሁለት በደል ፈጽሟል፤ አየሩ እንዳይወጣ ዘጋ፣ ግፊቱ ግን እንዲያመልጥ ተወው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ብዙ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስቡት! የሚያሰፋልን ግፊት ብቻ ነው፤ ራዲያተሩና ቱቦዎቹ በደንብ ከታፈኑ ውሃው 110 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ደግሞ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። ቦርከና ሜዳ ላይ ደህና የምትሄድ መኪና ሐረጎ ላይ ጉዷ ይወጣል።

ረዳቴ «ጋሼ፣ በትራፓኖ ልብሳው?» አለ። ከለከልኩት። የብሎኑ ቤትም ፕላስቲክ ነው፤ መብሻው ትንሽ ከሳተ ጥርሱን ይበላዋል፣ ፍርፋሪውም ወደ ውስጥ ይወርዳል። ይልቅስ ውሃውን ከብሎኑ በታች እስኪሆን ቀነስን፤ ሙጫውን በስለት ፋቅን። ከዚያ አሮጌ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አሞቅሁ። እስኪቀላ አይደለም፤ ከቀላ ዙሪያውን ያቀልጠውና ስብርባሪውን ከቤቱ ጋር ያጣብቀዋል። ጫፉን ስብርባሪው መሃል ላይ ቀስ ብዬ ተጫንኩት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ሲገባ ሳልነቀንቀው እዚያው እንዲቀዘቅዝ ያዝኩት። ፕላስቲኩ ሲጠና ለካቻቢቴው የሚሆን ስንጥቅ ተሠርቶለታል። ወደ ግራ ዞር ሳደርገው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ወደ ቀኝ ጥቂት መልሼ እንደገና ወደ ግራ ሳዞረው ጠቅ አለና ተላቀቀ። ረዳቴ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚያየኝ።

«ልጄ፣ ለመግሪብ እደርሳለሁ?» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ዛሬስ አይሆንም። ብሎኑ ነገ ከቶርኖ ቤት ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ይወስዷታል» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ ሆኖም ስብርባሪውን መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው አገላብጠው አዩትና «ይቺው ናት?» ብለው ዝም አሉ።

የመኪናዋ ዓይነት ብሎን ከመለዋወጫ ሱቅ ስላልተገኘ በልኩ ከነሐስ አስቀረጽን፤ አዲስ ጎሚኒም አለበስነው። ነሐስ በፕላስቲክ ጥርስ ውስጥ ሲገባ ይበልጥ እጅን መቆጠብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያስገባው ረዳቴ ነው፣ በጣቱ።

ውሃና ኩላንት እኩል ቀላቅለን ለመሙላት መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ዳገቱ እንዲሆን አቆምናት፤ በደሴ መንገድ ለዚህ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ ራዲያተሩ ከፍ ሲል መውጫውን ያገኛል። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገን፣ ብሎኑን ከፍተን ቀስ እያልን ሞላን። መጀመሪያ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ፣ ከዚያ ውሃና አየር እየተፈራረቁ፣ በመጨረሻ ያልተቆራረጠ ውሃ መጣ። ያኔ ዘጋነውና ሞተሩን አስነሳን። ማሞቂያው ሞቀ፣ የላይኛው ቱቦ ጋለ፣ ማራገቢያውም በሰዓቱ ተነሣ።

የቀረኝ ስጋት ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነበር፤ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን በላይ ከጋለ ይጣመማል። የዘይት ክዳኑን ሳነሳ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ አልመሰለም፤ በውሃ ማጠራቀሚያውም አረፋ አልቀጠለም። ሐጂ እንፋሎቱን እንዳዩ ቆመው ሞተሩን ማጥፋታቸው ብዙ ወጪ አድኗቸዋል፤ ይህንኑም ነገርኳቸው። ለጥቂት ቀናት ሞተሩ ሳይነሳ ጠዋት ጠዋት የውሃውን ልክ እንዲያዩና ከጎደለ ውሃ ጨምረው ከመሄድ ይልቅ ወደ እኛ እንዲመለሱ ተስማምተን፣ መኪናቸውን ይዘው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ።