የሪታ እንቁላሎችና የሰበታዋ ልጅ

ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው። አንድ ወቅት የምጠብቃቸው እናት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ነበሩ። ማታ መድኃኒታቸውን ውጠው ሲጋደሙ ወሬያቸው ስለ አንዲት የከተማቸው ልጅ ነው፤ ስለ ነርቭ ተመራማሪዋ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ። ሪታ እ.ኤ.አ. በ1909 ቶሪኖ ተወለደች፣ በ1986 በሕክምና ዘርፍ ኖቤል ተሸለመች፣ በ2012 በ103 ዓመቷ አረፈች።

እኔን የያዘኝ ግን ከሽልማቱ በፊት ያለው ታሪኳ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወገኖቻችንን የጨፈጨፈው የሙሶሊኒ መንግሥት፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ወደ ገዛ ዜጎቹ ዞሮ አይሁዳውያንን ከዩኒቨርሲቲ አባረረ። ሪታም አይሁዳዊት ናት። ሕክምና ተምራ ጨርሳ የምርምር በር ተዘጋባት። ይህን የሰማሁ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ዘመን የእኛ ቁስል ብቻ አድርጌ ነበር የማውቀው።

እሷ ግን መኝታ ቤቷን ላቦራቶሪ አደረገችው። የስፌት መርፌ ሞርዳ የጫጩት ፅንስ ቀደደችበት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነቤተሰቧ ከከተማ ሲያስወጣት ገጠር ለገጠር በብስክሌት እየዞረች፣ ለልጆቿ የሚሆን እያለች ከገበሬዎች እንቁላል ትለምን ነበር። ልጅ ግን አልነበራትም።

ለፋሲካ ሰበታ እናቴ ቤት ስገባ ይህን ሁሉ የምነግረው ሰው አገኘሁ። ወንድሜ ከጓሮ ዶሮ ያረባል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የመፈልፈያ ማሽኑን በብርድ ልብስ ይሸፍኑታል። አሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጁ ማታ ማታ እንቁላል ትለያለች። ክፍሉን አጨልማ የስልኳን መብራት በእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ ትለጥፋለች። ሳምንት የሆነው እንቁላል ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው፣ መሃላቸው ጥቁር ነጥብ ሲወዛወዝ አየሁ። «ዓይኑ እኮ ነው አክስቴ» አለችኝ። ባዶ የሆኑትን ለብቻ ታስቀምጣለች።

«ውጭ ወጥቼ ሳይንስ ባጠና» አለች፤ እናቴም ከዚያ ማዶ «ይዘሻት ሂጂ እንጂ» ትለኛለች። እኔ የሪታን ነገር ጀመርኩላት።

ከሪታ በፊት ቪክቶር ሀምበርገር የሚባል ሳይንቲስት፣ ከጫጩት ፅንስ ላይ ገና የሚበቅለውን ክንፍ ቆርጦ ሲያወጣ ወደዚያ የሚሄዱት የነርቭ ሕዋሶች እንደሚያንሱ አይቶ ነበር። ሕዋሶቹ ሳይፈጠሩ የቀሩ መሰለው። ሪታ መኝታ ቤቷ ውስጥ ፅንሱን ደረጃ በደረጃ ስትከታተል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ሕዋሶቹ ተፈጥረዋል፣ ማደግም ጀምረዋል፣ ኋላ ነው የሚሞቱት። ከሚሄዱበት አካል አንድ የሚደርሳቸው ነገር አለ፤ እሱ ሲቀር ያልቃሉ።

«ምንድነው የሚደርሳቸው?» ልጅቷ እንቁላሉን አስቀምጣለች።

ሪታም ያኔ አላወቀችውም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሀምበርገር ራሱ ጠርቷት ለጥቂት ወራት ብላ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ሄደች፤ 30 ዓመት ሠራችበት። በ1952 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ከአይጥ የተወሰደ የካንሰር ዕጢ ቁራሽ ከጫጩት የነርቭ ሕዋሶች አጠገብ ስታኖር፣ በአንድ ቀን ውስጥ የነርቭ ቀንበጥ በየአቅጣጫው ፈላ። ሳይነካካ ነው እንግዲህ! ዕጢው የሚያወጣው ነገር ነበረ። ስታንሊ ኮኸን የተባለው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ደግሞ ያ ነገር ፕሮቲን መሆኑን አሳየ፤ ኋላም ከአይጥ የምራቅ ዕጢ አጥርቶ አወጣው። ዛሬ ኤንጂኤፍ ይባላል፤ ነርቭ አሳዳጊ እንደማለት ነው። ሕዋስ ለሕዋስ በእንዲህ ያለ ፕሮቲን መልእክት እንደሚልክ በግልጽ ካሳዩት ቀደምት ግኝቶች አንዱ ነው፤ ኖቤሉንም ሪታና ኮኸን ተካፈሉት።

ሰው ታሪኳን ሲያወራ መኝታ ቤት ተቀምጣ ኖቤል እንዳገኘች ያደርገዋል። ለልጅ እንዲያ ብሎ መንገር ደግ አይመስለኝም። ጥያቄው ከመኝታ ቤት ወጣ፤ መልሱ ግን ባሕር ማዶ፣ ገንዘብና የሌላ ሰው እውቀት ጠይቋል። ለወንድሜ ልጅ ሁለቱንም ነገርኳት። ሪታ ራሷ ይህን ሳታውቀው አትቀርም፤ በእርጅናዋ በስሟ ያለው ፋውንዴሽን የአፍሪካ ሴቶችን ትምህርት ይረዳ ነበር።

እናቴን፣ ልጅቷ መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ አልኳት። ከዚያ በኋላ በአቅሜ እሞክራለሁ። እስከዚያው ልጅቷ እንቁላሎቹ ላይ በእርሳስ ቀን እየጻፈች፣ ያየችውን ደብተር ላይ መሳል ጀምራለች። ወንድሜም የፋሲካ ገበያ ይለፍ እንጂ ለሙከራ የሚሆን እንቁላል እሰጣታለሁ ብሏል። ማይክሮስኮፑን እኔ እልካለሁ።